ለአራዳ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ

በእኛ ወግ ሰው አፈር ከመልበሱ በፊት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። የት እንደ ተወለደ፣ በማን እጅ እንዳደገ፣ ምን ሠርቶ እንዳለፈ፣ ማንን ትቶ እንደ ሄደ ለለቀስተኛው ከተነገረ በኋላ ነው ሽኝቱ የሚፈጸመው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱና ሌሎች የፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ ግን ቀብሩ ጥድፊያ የበዛበት ነበር። ነዋሪው ፍራሹንና ቁም ሳጥኑን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄድ፣ ከኋላው ኤክስካቫተሩ የጭቃውን ግድግዳ ከነማገሩ እየገፋ ይጥል ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሰፈር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልተነበበውን ታሪክ ዘግይቶም ቢሆን ለማንበብ የተሰናዳ ነው።

የምጽፈው ከሀዋሳ ነው። «በሰው ሀገር ለቅሶ ምን ጥልቅ አደረገህ?» የሚለኝ ቢኖር፣ ፒያሳ የአዲስ አበባ ሰው ብቻ አልነበረም እለዋለሁ። በክፍለ ሀገር ላደግን ሰዎች የሬዲዮው ዘፋኝ የሚኖርበት፣ የቴአትሩ መጋረጃ የሚገለጥበት፣ ለሙሽራ የሚሆነው ወርቅ የሚገዛበት ቦታ እዚያ ነበር። ለጉዳይ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ጉዳዩ ባይሞላለት እንኳ ፒያሳ ወጥቶ ማኪያቶ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ለቅሶው የእኛም ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ወደ እሱ መጨረሻው ላይ እመለሳለሁ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ በአንዱ ጉብታ ላይ፣ ገበያው በሌላው ላይ ተቀመጠ። ገበያው በኋላ ፒያሳ የተባለው አራዳ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ፣ ይልቁንም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እህሉና ከብቱ፣ ቡናውና ማሩ፣ ጨውና አቡጀዲው ይገናኝ ነበር። አዋጅ የሚነገረው እዚያ፣ ወሬ የሚሰማው እዚያ፣ ወንጀለኛ የሚቀጣውም እዚያ ነበር። በገበያው ዙሪያ የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የዐረብ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ከሥር ድንጋይ፣ ከላይ እንጨት፣ በዙሪያው ሰገነት፣ በላዩ ቆርቆሮ የሆነው የጥንቱ የአዲስ አበባ ቤት መልኩን ያገኘው በእነዚህ ሰዎችና በሐበሻ አናጢ እጅ ነው። የሕንዱ የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት፣ እነ ሚናስ ኸርበክያንን የመሰሉ አርመን መሐንዲሶች የነደፏቸው ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ገደማ ያሠሩት ሆቴል የሀገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ሆነ። በዚያው ዘመን የአቢሲኒያ ባንክ ተቋቋመ፤ ሕንፃውም በአራዳ ቆመ። የአሁኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ለአድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ ሲሠራ ግንባታውን የመራው ኢጣሊያዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ነበር፤ በአድዋ ተማርኮ እዚሁ የቀረ ሰው። የተሸነፈበትን ጦርነት መታሰቢያ በእጁ አነጸ ማለት ነው። ንግሥት ዘውዲቱም ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከፊቱ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ።

የምስል ነገርም የተጀመረው በዚሁ አካባቢ ነው። ሲኒማ በምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥት ከገባ በኋላ፣ ለሕዝብ የሚያሳይ ቤት ሲከፈት የከተማው ሰው በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ማየቱን የጤና አልመሰለውም። ቤቱን «ሰይጣን ቤት» አለው። ስሙም ፈርቶ የሰየመው ትውልድ ካለፈ በኋላ እንኳ ሳይለቀው ኖረ። ቴአትሩ ደግሞ የመጣው ከሩሲያ ተምሮ በተመለሰ ሰው ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት ተጠቅሞ የባለሥልጣናቱን ምዝበራና ስንፍና የሚነቅፍ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘ ድርሰት ጻፈ፤ በ1910ሮቹም በተራስ ሆቴል አዳራሽ ለመኳንንቱ ታየ። መኳንንቱ ራሳቸውን በአውሬዎቹ ውስጥ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትር እንዲቆም አዘዙ። የአማርኛ ቴአትር ገና ባንድ እግሩ ሳይቆም የታገደው እንዲህ ነው። የአራዳ ጠባይም ከዚያን ቀን ጀምሮ ታወቀ፤ በዚህ ሰፈር ነገር የሚነገረው እየሳቁ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጣሊያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ሕዝቡን በዘፈን፣ በግጥምና በንግግር መቀስቀስ። ጦር መሣሪያ ባይኖር እንኳ ወኔ እንዳይጠፋ ነው። ጠላት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ማኅበሩ ተበተነ። የምኒልክ ሐውልት ከቆመበት ተነቅሎ ተቀበረ። ከየካቲት 12ቱ ፍጅት በኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም በፋሺስቶች እሳት ተቃጠለ። ጣሊያኖች የሐበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ገፍተው አራዳን የነጭ ንግድ ሰፈር አደረጉት። ፒያሳ የተባለውም ያኔ ነው።

አምስቱ ዓመት አልፎ ነፃነት ሲመለስ አራዳ ያደረገው ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል። ሐውልቱ ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ። ሀገር ፍቅር ደግሞ የጣሊያን መኮንኖች ሲዝናኑበት የነበረውን ቤት ወርሶ ቴአትር ቤት አደረገው። ጠላትን ለመቃወም የተቋቋመ ማኅበር በጠላት ጭፈራ ቤት ገባ፤ በአፍሪካ ምድር በሀገሬው ሰው ከተመሠረቱት ቴአትር ቤቶች ቀዳሚው ነው እየተባለ ለሚነገርለት ለዚህ ቤት ከዚያ የተሻለ ካሣ አልነበረም። ፒያሳ የሚለውንም ስም ሕዝቡ አልጣለውም፤ ጠላት የሰጠውን ስም አራዳው የራሱ አድርጎ ወሰደው።

ሀገር ፍቅር ምን አፈራ ቢባል መልሱ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ግማሽ ታሪክ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ገና በልጅነቱ የጀመረው እዚያ ነው። አስናቀች ወርቁ በክራሯም በተዋናይነቷም የታወቀችው በዚያ ዘመን መድረክ ነው። የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤ የዚያ ዘመን ቴአትር አባት ነበር፤ ዜማውን የደረሰው ደግሞ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የመጣው አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነው። የሐበሻ ባለቅኔና ስደተኛ አርመን አንድ መዝሙር የሠሩባት ከተማ ናት። ከዚህ ሰፈር ቁልቁል ወርዶ ደግሞ ጣሊያን ሲኒማ ማርኮኒ ብሎ የጀመረው ሕንፃ ተጠናቅቆ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር። የመጀመሪያው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ከላይ በፒያሳ አናት ላይ የኢጣሊያዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ የሆነው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የራሱን የቴአትር አዳራሽ ይዞ ቆመ። አራዳ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የመድረክ ሀገር ሆነ።

ሲኒማ ቤቶቹ የሕዝቡ ነበሩ። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር በፒያሳ፣ ሲኒማ ራስ በመርካቶ፣ አምባሳደር ወደ ታች። በዓል በዋለ ማግስት የአዲስ ልብስ ሰልፍ የሚታየው እነሱ ደጅ ነው። ትኬት መቁረጫዋ ጠባብ መስኮት ስር ግፊያ ይሆናል፤ ጉልበተኛው ለራሱም ለሰፈሩ ልጆችም ይቆርጣል። ሱቅ በደረቴው ማስቲካውን፣ ከረሜላውንና ነጠላ ሲጋራውን አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ሣጥን ደርድሮ በሰልፉ መካከል ይሽሎከሎካል። ቆሎና ሱፍ በወረቀት ተጠቅልሎ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ባንዴ ያጨበጭባል። የካቦይ ፊልም ከሆነ ፈረሱ ሲጋልብ ወንበሩም አብሮ ይጋልባል፤ የሕንድ ፊልም ከሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው ሳይኖር አዳራሹ ሙሉ ሰው እናትና ልጅ ሲለያዩ ያለቅሳል። «አክተሩ አይሞትም» የምትለው አባባል የተወለደችው በዚህ ጨለማ ውስጥ ነው። ፊልሙ ሲበጠስ ፉጨትና ስድብ ወደ ማሽን ክፍሉ ይወረወራል። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሰኘው ሀገርኛ ፊልም ሲወጣ ደግሞ ተመልካቹ በሸራው ላይ የራሱን ቋንቋ ሰማ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሌሊቱ ይጀመር ነበር። ኬክ ቤት የሚገባው ይገባል። ቶሞካ ቆሞ ቡና የሚጠጣው የቀኑን ወሬ ከሲኒው ጋር ይጨርሳል። ኪሱ የሞላ ወደ ውቤ በረሃ ያቀናል፤ ኪሱ የሳሳ ዶሮ ማነቂያ ወርዶ ጠጅ ወይም ጠላ ቤት ይቀመጣል። እዚያ ተዋናዩ፣ ሙዚቀኛው፣ ጸሐፊው፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛና የመሥሪያ ቤቱ ፀሐፊ ባንድ አግዳሚ ላይ ናቸው። ቴአትር ቤቱን ያቆመው ይህ ነው እላለሁ። መድረክ የሚኖረው ከመድረኩ ጀርባ ባለው ሰፈር ነው። ተዋናይ ልምምድ ጨርሶ በዱቤ የሚበላበት ምግብ ቤት፣ የመድረክ ልብስ በሌሊት የሚሰፋለት ልብስ ሰፊ፣ ቤት ኪራይ ያነሰበት ጠባብ ክፍል፣ ተውኔቱን ካየ በኋላ «ይሄ ቦታ ላይ ዋሽተሃል» ብሎ በጠጅ ቤት የሚከራከረው ተመልካች ከሌለ፣ አዳራሹ ቢቆምም ቴአትሩ ባዶ ነው።

ፒያሳ መታመም የጀመረው ግን ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ብዙ ቀድሞ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ የሰዓት እላፊ አዋጅ የሌሊቱን በር ዘጋ። ማታ የማይወጣበት ከተማ የሲኒማ ከተማ ሊሆን አይችልም። ሙዚቀኞቹ ተበተኑ፤ ግማሹ ወደ ስደት፣ ግማሹ ወደ ክፍለ ጦርና ወደ ቀበሌ ኪነት ቡድን ገባ። ቀይ ሽብር በመጣ ጊዜ ደግሞ የፒያሳ ልጆች ከቤታቸው ወጥተው ያልተመለሱበት ዘመን ሆነ።

ቤቶቹን የገደለው ግን ሌላ ወረቀት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ድሃው ተከራይ ከአከራይ ቁጣ ተገላገለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ለአሥርት ዓመታት ሳይጨምር የኖረው ኪራይ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ እንኳ አይሞላም ነበር። ቀበሌው ለማደስ ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ ደግሞ የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ ለምን አወጣለሁ ይላል፤ ቢፈልግም ፈቃድ አያገኝም። የጭቃ ቤት በየክረምቱ መመረግ ይፈልጋል። ካልተመረገ ማገሩ ይገለጣል፣ ማገሩ ከተገለጠ ምስጥ ይገባል፣ ምስጥ ከገባ ጣሪያው ይዘምማል። የአንድ ነጋዴ ሰፊ ሰገነት ቤት በኮምፔርሳቶ እየተከፈለ ለብዙ አባወራ ሆነ። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቦኖው የጋራ፣ እሳት ቢነሳ አደጋውም የጋራ። እንግዲህ «ያረጀና የተጎሳቆለ ሰፈር» ተብሎ ሲፈረድበት፣ የጉስቁልናው መንስኤ ዕድሜ ብቻ እንዳልነበር በሕይወት ታሪኩ ውስጥ መነበብ አለበት። ሳይጠገን እንዲኖር ተፈርዶበት፣ አልተጠገነም ተብሎ ፈረሰ።

በመካከል አንድ ትንሣኤ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአማርኛ ፊልም በዲጂታል ካሜራ መሠራት ሲጀምር፣ እነ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሰሉ ፊልሞች ይዘው ሲመጡ፣ ከሕንድ ፊልም ዘመን ወዲህ ያልታየ ሰልፍ በሲኒማ ቤቶቹ ደጅ ተመለሰ። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዓለም ሲኒማን በቦሌ የከፈተውም በዚህ ማዕበል ነው፤ በኋላ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ሪዞርቱን የሠራው ሰው ማለት ነው። ሰልፉ ግን አልዘለቀም። መጀመሪያ ሲዲ ቅጂው፣ ቀጥሎ ዲሹ፣ ቀጥሎ በአማርኛ የተተረጎሙት የውጭ ተከታታይ ድራማዎች፣ ዛሬ ደግሞ ዩቲዩቡ ተመልካቹን ቤቱ አስቀመጡት። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ በውስጡ የነበረው ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ነደደ። ሆቴሉ ታድሶ ተመለሰ፤ ጃዛምባ ግን በዚያ አዳራሽ ዳግመኛ አልተሰማም።

የየካቲት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ለፒያሳ የደስታ ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ተጀመረ፤ መንገዱ ሊሰፋ፣ ቱቦው ሊቀየር፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሊዘረጋ ነው ተባለ። ከመንገዱ ጀርባ ያሉት ሰፈሮችም ለመልሶ ማልማት ተባሉ። በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ።

ለፈረሰው ሁሉ እንባ ይውጣ ማለት አይደለም። በዶሮ ማነቂያ ጠባብ ክፍል ሦስት ትውልድ ተደራርቦ ሲያድር የኖረ ቤተሰብ ከውስጥ ውኃና ሽንት ቤት ያለው ኮንዶሚኒየም ሲገባ ማዘን የለበትም፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ መደርደር ናፍቆት አይሆንም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ የጠሉት ለውጡን ሳይሆን ጥድፊያውን ነው። ልጅ ከትምህርት ቤቱ፣ እናት ከጉልቷ፣ ሽማግሌ ከዕድሩ በቀናት ውስጥ ተነቀሉ። የሰፈሩ ዕድር ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ይዞ ወዴት ይሂድ? አባላቱ በተለያዩ ሳይቶች ከተበተኑ ማን ማንን ይቀብራል? የሁለት መቶ ሰው ስም ያለበት የዕድር መዝገብ ከሰነድም በላይ ነበር፤ ሰፈሩ ማለት እሱ ነበር።

ደግሞም የቆሙ አሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቆሟል፣ ምኒልክ በፈረሱ ላይ ናቸው፣ ጣይቱ ሆቴልና ሀገር ፍቅር ከግሬደሩ ተርፈዋል። ለዚህ ሕግ አለን፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ይደነግጋል። በተግባር ሲመዘገብ የኖረው ግን ሕንፃ ሕንፃው ነው። ደረቱ ላይ የቅርስ ታፔላ የተለጠፈበት ቤት ይተርፋል፤ ያንን ቤት ቤት ያደረገው ሰፈር ምዝገባ ስለሌለው ይሄዳል። ለሀገር ፍቅር ተመልካችም ተዋናይም ይመግብ የነበረውን ዙሪያ አንስቶ አዳራሹን ብቻ መተው ግማሽ ጥበቃ ነው። ግማሽ ጥበቃ ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ሌላውን ግማሽ ለማፍረስ ምክንያት ይሆናል፤ «ተመልካች የለውም» ይባላልና።

ሌላው ዓለም ይህን ትምህርት የተማረው በራሱ ጥፋት ነው። የኒው ዮርክ ከተማ በ1963 እ.ኤ.አ. ታላቁን የፔንሲልቬኒያ ባቡር ጣቢያ ማፍረስ ጀመረች። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቁጣው በ1965 የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ሕግ ሆነ። በዚያ ሕግ ምክንያት ነው ግራንድ ሴንትራል የተባለው ሌላው ጣቢያ በ1978 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ የዳነው። አንዱ ጣቢያ ሞቶ ሌላውን አዳነ። ጎረቤታችን አስመራ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተመዘገበው አንድ ሲኒማ ኢምፔሮ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ፣ ካፌው፣ ነዳጅ ማደያው፣ የሠራተኛው ሰፈር ጭምር ነው። የሁለቱ ከተሞች የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች እኩዮች ነበሩ። የተለያዩት በአያያዝ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያቴ ልምጣ። ሀዋሳ ወጣት ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሐይቁ ዳር በፕላን የተቆረቆረች፣ በራስ መንገሻ ሥዩም ዘመነ አስተዳደር መልክ የያዘች፣ ከይርጋለም የሲዳሞን ዋና ከተማነት የተረከበች። መቶ ዓመት የሞላው ሕንፃ የላትምና «ቅርስ» ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ጎንደርና ላሊበላ እንጠቁማለን። አራዳም ግን አንድ ጊዜ የስድሳ ዓመት ሰፈር ነበር። በዚያ ዕድሜው ማንም ለነገ ሳይመዘግበው አለፈ፤ መቶ ሲሞላው ደግሞ አርጅቶ ተገኘ።

እኛ ዘንድ ምን አለ? የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያንና ዙሪያው አለ። የሐይቅ ዳር የእግር መንገድና የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች አሉ። እነ ዋቢ ሸበሌን የመሰሉ፣ አንድ ትውልድ ሠርጉን የደገሰባቸው ሆቴሎች አሉ። ከሁሉ በላይ ከክፍላተ ከተማችን አንዱ «ባህል አዳራሽ» ተብሎ ነው የሚጠራው። አንድን ሰፈር በመሰብሰቢያ አዳራሽ ስም የጠራ ከተማ ሕዝብ አንድ ላይ ተቀምጦ የሚያይበትና የሚሰማበት ቦታ ምን ዋጋ እንዳለው ያውቃል ማለት ነው። የሲዳማ ሽማግሌዎች ይህን ከማንም በፊት አውቀውታል። የዘመን መለወጫ በዓላቸው ፊቼ ጫምባላላ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ በዓሉን እዚያ ያደረሰው የጽሑፍ መዝገብ ሳይሆን ጉዱማሌ ነው፤ ሕዝብ በየዓመቱ የሚሰበሰብበት፣ ማንም አጥሮ የማይወስደው የጉባኤ ሜዳ። ጉዱማሌ ተነቅሎ በዓሉ ብቻ ይኑር ብንል ትርጉም እንደሌለው ሁሉ፣ ሰፈሩ ተነሥቶ አዳራሹ ይኑር ማለትም ትርጉም የለውም።

የኮሪደር ልማት ዛሬ ሀዋሳም ደርሷል። መንገዱ ይስፋ፣ ሐይቁ ዳር ይጽዳ፣ ዛፉ ይተከል፤ የሚጠላው የለም። ከዚያ በፊት ግን መደረግ ያለበት ሥራ አለ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚነሣው ሰፈር ሁሉ አስቀድሞ ፎቶ ይነሣ፣ ይለካ፣ ይሳል። የዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ሕንፃና የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ከኢንተርኔት ከሚቀዱ፣ በየክፍለ ከተማው እየወጡ የከተማዋን የመጀመሪያ ነዋሪዎች ድምፅ ይቅረጹ፤ ከተማዋ ስትቆረቆር የነበሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገና ከመካከላችን ናቸው፣ ነገ ግን አይኖሩም። የሚነሡት ሰዎች ከተቻለ ዕድራቸው ሳይበተን አንድ ቦታ ይስፈሩ። ቅርስ ሲመዘገብ ከቤቱ ጋር መንገዱና ግቢው ይመዝገብ። ባህል አዳራሹም ለስብሰባ ብቻ ሳይሆን ለቴአትር ይከፈት፤ የሀዋሳ ልጅ ተውኔት ለማየት አዲስ አበባ መሄድ የለበትም።

ለአራዳ ልጆች፣ ዛሬ በዳርቻው ሳይቶች ላላችሁ፣ በዋሽንግተንም በስቶክሆልምም ላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። በሰገነት ላይ የተነሣ የሠርግ ፎቶ፣ የተቆረጠ የሲኒማ ትኬት፣ የሀገር ፍቅር የዝግጅት ወረቀት፣ የዕድር መዝገብ በሣጥናችሁ ካለ አትጣሉት። ዋናውን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ቅጂውን ግን ቀንና የሰው ስም ከጀርባው ጽፋችሁ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። የሀዋሳ ነዋሪም የራሱን ዛሬ ይጀምር።